የ11ኛ ክፍል ሪሰርች ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይ?

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ የሀይስኩል ልጅ ያላቸው ወላጆች ሲገናኙ የማይቀር ወሬ አለ። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ለ11ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በፈቃደኝነት የሚሠራ የጥናት ፕሮጀክት ጀምረዋል። ልጁ ርዕስ ይመርጣል። አንድ መምህር ይመደብለታል። መረጃ ይሰበስባል፣ ይጽፋል፣ በመጨረሻ ሰው ፊት ቆሞ ያቀርባል። ማርክ የለውም፤ ግዴታም አይደለም። ወላጅ ደግሞ «ግዴታ አይደለም» ሲሉት ነው እንቅልፍ የሚያጣው። የጎረቤት ልጅ ሠርቶ የእኔ ቢቀርስ?

«በቃ ቁርጡን ንገረኝ» አለችኝ ፖስታ ቤት አካባቢ ያገኘኋት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ። «ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይስ አያስገባም?»

«የት ያለ ዩኒቨርሲቲ?»

«እሱን እንኳ ገና አላሰብንበትም።»

ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ይሄው ነው። ስለ ፕሮጀክቱ ክርክሩ ጦፏል፤ ልጁ የት ሊገባ እንደሚፈልግ ግን ማንም አልጠየቀውም። መልሱ ደግሞ ከሞላ ጎደል የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ከቅርቡ እንጀምር። ልጁ የሚያስበው ሀገር ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግባት ከሆነ ፕሮጀክቱ ለመግቢያው ቅንጣት አይረዳውም። ምደባውን የሚሠራው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የሚያየው የ12ኛ ክፍል ውጤትንና የተማሪውን ምርጫ ነው። «ሌላ ምን ሠርተሃል?» የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ልጁ በሳይንስ አውደ ርዕይ አንደኛ ቢወጣ፣ ሃምሳ ገጽ ጽፎ ቢያስጠርዝ፣ የሚያነብለት ሰው አያገኝም።

ፈተናው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተዛወረ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። መሻሻሉ ደስ ይላል፤ ግን አሁንም ከአሥር ልጅ ዘጠኙ ያንን መስመር አያልፍም። እንዲህ ባለ ፈተና ፊት ለቆመ ልጅ በ12ኛ ክፍል መካከል ላይ ሌላ ሥራ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

እዚሁ ከተማችን ያለው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲስ? ብዙ ሰው «ሳይንስና ቴክኖሎጂ» የሚለውን ስም ሲሰማ ሪሰርች የሠራ ልጅ የተለየ ዕድል የሚያገኝ ይመስለዋል። አያገኝም። አዳማም ሆነ አዲስ አበባ ያለው አቻው ከሀገር አቀፉ ፈተና በተጨማሪ የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ነው የሚሰጡት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ጀምሯል። ተጨማሪ በር ተከፍቷል ቢባል እንኳ የበሩ ቁልፍ ያው ፈተና ነው። ስለዚህ ለነዚህ ቦታዎች የሚያልም ልጅ ትርፍ ሰዓት ካለው ፊዚክስና ሒሳብ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ታዲያ «ሪሰርች ይጠቅማል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከውጭ ነው የመጣው። እዚያ ደግሞ እውነትነት አለው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

እንግሊዝ ሀገር ኢፒኪው የሚሉት ነገር አለ። ሙሉ ስሙ ኤክስቴንድድ ፕሮጀክት ኳሊፊኬሽን ነው። የኤ ሌቭል፣ ማለትም የእንግሊዝ ሀይስኩል የመጨረሻ ደረጃ፣ ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን፣ ከፈለጉ ብቻ፣ የሚሠሩት የጥናት ሥራ ነው። 120 ሰዓት ገደማ ታስቦለታል። አብዛኛው ተማሪ 5,000 ቃል ያህል ይጽፋል፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚመዘግብበት ማስታወሻ ይይዛል፣ በመጨረሻም ያቀርባል። ግሬዱ ከኤ ስታር እስከ ኢ ነው። ክብደቱ የአንድ ኤ ሌቭል ትምህርት ግማሽ ሲሆን፣ ኤ ስታር ያመጣ ልጅ 28 የመግቢያ ነጥብ ያገኛል።

ዩኒቨርሲቲዎቹም በተለያየ ዓይን ነው የሚያዩት። ሳውዝሃምፕተንን የመሰሉት፣ ልጁ ኢፒኪው ላይ ጥሩ ካመጣ፣ ከሚጠይቁት የኤ ሌቭል ውጤት ላይ አንድ ግሬድ ዝቅ ያደርጉለታል። ይሄ እውነተኛ ጥቅም ነው። ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ግን ሥራውን ያበረታቱታል እንጂ ለመቀበል እንደ ቅድመ ሁኔታ አያስገቡትም። እንግሊዞቹ ወላጆች ራሳቸው «ይጠቅማል፣ አይጠቅምም» እያሉ ሲከራከሩ የሚውሉት ለዚህ ነው። መልሱ እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል።

አሁን ወደ አዳማ እንመልሰው። ያ ሁሉ ነጥብና የግሬድ ቅናሽ የሚሰጠው በታወቀ የፈተና ቦርድ ተመዝግቦ፣ በቦርዱ መስፈርት ለታረመ ሥራ ብቻ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ማህተም ያረፈበት ሰርተፊኬት፣ ሥራው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አንድ ነጥብ አያስገኝም። ትምህርት ቤቱ እያታለለ ነው ማለቴ አይደለም። ግን «እንግሊዝ ሀገር እኮ በዚህ ግሬድ ይቀንሳሉ» ተብሎ ከተነገራችሁ «የማን ቦርድ ነው የሚያርመው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ነጥቡም የለም። ደግሞም የእኛን 12ኛ ክፍል ብቻ ይዞ ለሚያመለክት ልጅ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ የፋውንዴሽን፣ ማለትም የመሰናዶ፣ ዓመት ተማር ነው የሚሉት። ክፍያውም አለ። ስለ ፕሮጀክት ከማውራት በፊት ያ ገንዘብ አለ ወይ የሚለው ይቀድማል።

ነገሩ የሚወሳሰበውም፣ ለእኛ ልጆች የሚያጓጓውም አሜሪካ ላይ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስትን የመሳሰሉት የውጭ ሀገር ተማሪን ሲመርጡ የቤተሰቡን አቅም አይመለከቱም፤ ከተቀበሉት ደግሞ የጎደለውን ይሞሉለታል። ለዚህ ነው ከአዳማ የተነሳ፣ አባቱ ባጃጅ የሚነዳ ልጅም ሊያመለክት የሚችለው። ውድድሩ ግን ሰማይ ነው።

እዚያ ማመልከቻው ሙሉ ሰው ነው የሚጠይቀው። ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ከትምህርት ውጭ የሠራኸውን የምትጽፍበት አሥር ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ የሚሰጥህ መግለጫ 150 ፊደል ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ። እስከ 650 ቃል የሚደርስ ድርሰት አለ። የመምህር ደብዳቤ አለ። ኤምአይቲ ደግሞ ሪሰርች የሠሩ ልጆች ሥራቸውን ለብቻው የሚያስገቡበት መንገድ አለው። ስለዚህ ፕሮጀክቱ የሚገባበት ቦታ አለው። ቦታ አለው ማለት ግን ሚዛን ያነሳል ማለት አይደለም። በ150 ፊደል የምትነገር አንዲት መስመር ናት፤ እንደ አጻጻፏና ከጀርባዋ እንዳለው ነገር ትከብዳለች ወይም ትቀላለች።

«የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ ላይ ያለው ተጽዕኖ በሚል ርዕስ ጥናት ሠርቻለሁ።» ይቺ ትቀላለች። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ስለዚህ ሊያገኝ የሚችለው ሌሎች የጻፉትን ብቻ ነው። አንባቢውም ያውቃል።

አሁን ደግሞ ይቺን እዩ፤ «11ኛ ክፍል። በአንድ ቀበሌ 40 ቤቶችን እየዞርኩ፣ ውሃ በሌለ ቀን ለጀሪካን የሚወጣውን ብርና ሰዓት መዘገብኩ።» ቀላል ነገር ናት። ግን ማን እንደሠራው፣ የት እንደሠራው ይታያል።

ይህን ምሳሌ ከባዶ አላመጣሁትም። የማውቃት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንደዚህ ያለ ነገር ስትሠራ አይቻለሁ። መጀመሪያ ያዘጋጀችው መጠይቅ «በወር ለውሃ ስንት ብር ታወጣላችሁ?» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ያፈጥባታል። በወር ማን ቆጥሮ ያውቃል? አንዷ እናት «ልጄ፣ እኔ የወሩን ከየት አውቄ!» ብላ ሳቀችባት። ልጅቷ ወረቀቱን ቀየረችው። «ትናንት ስንት ጀሪካን ገዛችሁ? አንዱን በስንት?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም ይመልስላት ጀመር። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። አንዳንድ ቤቶች ምንም አልገዛንም አሉ። ውሃ አላቸው ማለት ነው? የላቸውም። ቧንቧው የሚመጣው እኩለ ሌሊት አልፎ ስለሆነ እናትየዋ ወይም ትልቋ ልጅ ነቅታ ትጠብቃለች፣ በርሜሉን ትሞላለች። የሚከፍሉት በብር ሳይሆን በእንቅልፍ ነው። ልጅቷ «ማን ነው የሚነቃው?» የሚል አዲስ ጥያቄ ጨመረች። የሥራው ዋና ነገር እሱ ሆነ።

ጽሑፉ ራሱ የሚያስደንቅ አልነበረም። እንግሊዝኛው ይንገዳገዳል፣ ሠንጠረዦቹ ተዛብተዋል። ግን ቁጭ አድርጋችሁ ስለሥራው ብትጠይቋት ወረቀት ሳትይዝ አንድ ሰዓት ታወራችኋለች። ማመልከቻዋን ገና እየሞላች ስለሆነ ይሳካላት አይሳካላት አላውቅም። የምትጽፈው ግን አላጣችም።

እኔ ግን ከጽሑፉም ከድርሰቱም በላይ ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። ደብዳቤው ላይ።

የእኛ ሀገር የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ እናውቃለን። ተማሪው መምህሩን ይለምናል። መምህሩ «አንተ ጻፈውና አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» ይላል። ልጁም ከኢንተርኔት ይገለብጣል። «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተግባብቶ የሚሠራ።» መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሃምሳና ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲሮጥ የሚውል ሰው፣ ከኋላ የሚቀመጠውን ልጅ ስም እንኳ በመከራ ነው የሚያስታውሰው። ምን ብሎ ይጻፍለት? ወዲያ ማዶ ያለው አንባቢ ግን ይሄንኑ ደብዳቤ ከመላው ዓለም ይቀበላል። ካነበበው በኋላ ስለ ልጁ የሚያውቀው ነገር ካነበበው በፊት ከሚያውቀው አይበልጥም።

ፕሮጀክት ሲኖር ይሄ ይለወጣል። አንድ መምህር ለወራት ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጧል። ልጅቷ መጠይቋን ለምን እንደቀየረች ያውቃል። የት ቦታ ተስፋ እንደቆረጠችና እንዴት እንደተመለሰች አይቷል። «የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስላልሠራ ማንም ሳይነግራት ቀየረችው፤ ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን አገኘች» ብሎ ቢጽፍ ይህ ዓረፍተ ነገር ከየትም አይገለበጥም። ሀብታም ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አሥራ አምስት ልጅ በሚማርበት ክፍል፣ መምህሩ ፕሮጀክት ባይኖርም ልጁን ያውቀዋል። እኛ ጋ ግን መምህርና ተማሪ እንዲህ በቅርብ የሚተዋወቁበት ሌላ አጋጣሚ እምብዛም የለም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ፕሮጀክት ስትመዝኑ ስለ ሰርተፊኬቱ ከመጠየቅ ይልቅ ስለ መምህሩ ጠይቁ። ማን ነው? ስንት ልጅ ይዟል? በሳምንት አንዴ ያገኘዋል ወይስ በመጨረሻ ቀን ብቻ? አንድ መምህር ሠላሳ ፕሮጀክት ከያዘ ያው ክፍል ማለት ነው፤ ምንም አልተገኘም። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ደብዳቤውን መምህሩ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ነው የሚያስገባው፤ ልጁ በእጁ አይወስደውም። ኢሜይሉን ከፍቶ የማያይ መምህር ምንም ቢወደው አይጠቅመውም።

ይህ ክርክር በአፍሪካ ውስጥ ላሉትም ይሠራል። ጋና ያለውን አሸሲ ዩኒቨርሲቲን ወይም ኪጋሊ ያለውን አፍሪካን ሊደርሺፕ ዩኒቨርሲቲን የሚያስብ ልጅ፣ የማስተርካርድ ፋውንዴሽንን ስኮላርሺፕ የሚያስብም፣ በአካባቢው ስላየው ችግርና ስላደረገው ነገር መጠየቁ አይቀርም። የጀሪካኗ ልጅ እዚያም የምትናገረው አላት። እንዲያውም ለአዳማ ልጅ ከአሜሪካዎቹ ይልቅ እነዚህ የቀረቡ ይመስለኛል፤ ወላጆች ለምን ስማቸውን እንደማያነሱ ይገርመኛል።

ርዕስ ከተነሳ አይቀር፣ አዳማ ላይ ተቀምጦ «የዓለም ሙቀት መጨመር» ብሎ መጻፍ ግፍ ነው። ከተማዋ ዙሪያዋን በርዕስ ተከባለች። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚወጣ ፍሎራይድ በብዛት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። የወንጂ አካባቢ ልጆች ጥርስ ለምን ቡናማ እንደሚሆን የማይጠይቅ ሰው የለም። የነፋስ ተርባይኖቹ ከከተማው ሆነው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት። ከሥራቸው የሚያርሰው ገበሬ ምን ይላል? አዋሽ አለ። ባጃጅ አለ፤ ባጃጅ ብቻውን አሥር ልጅ የሚያሠራ ርዕስ ነው።

ልኬት የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ መንገድ አለው። ፍሎራይድ በዓይን አይለካም፤ መሣሪያ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ጽፎ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ቢልክ ቢያንስ የሚሞክር ሰው ይገኛል። ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ መንከራተቱ ራሱ የሥራው አካል ነው። «ነገ ና» ተብሎ ሦስቴ የተመለሰ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን እንደሚጠብቀው ቀድሞ ገባው ማለት ነው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ ስትሄዱ ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ታያላችሁ። «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናሠራለን»፣ ከታች ስልክ ቁጥር። ለዲግሪና ለማስተርስ ተማሪ የታሰበች ናት። አሁን ፕሮጀክቱ ወደ ሀይስኩል ሲወርድ እሷም አብራ እንዳትወርድ እፈራለሁ። ውጭ ሀገርማ ከወረደች ቆይታለች። ፕሮፐብሊካ የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ ወላጆች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለው የሀይስኩል ልጃቸውን «ጥናት ያሳተመ» የሚያሰኙበት ገበያ እንዴት እንደተስፋፋ አሳይቷል። ስለዚህ የመግቢያ ቢሮዎቹ «ታትሟል» የሚለውን ቃል ሲያዩ እንደ ድሮው አይደነግጡም። ኢንስታግራም ላይ «ጥናትህን በጆርናል እናሳትምልህ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ልጅ ካላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ቻትጂፒቲም ያው ነው። ኮመን አፕ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈን ነገር የራስ አስመስሎ ማስገባትን ማጭበርበር ነው ብሎ ደንቡ ላይ አስፍሯል። ሰዋስው ማረም ሌላ፣ ማስጻፍ ሌላ። ባይያዝ እንኳ ቃለ መጠይቅ አለ። «መረጃውን ስትሰበስብ ያላሰብከው ምን ገጠመህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ያልሠራ ልጅ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ይሄዳል።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ እናስላ። እንግሊዞቹ 120 ሰዓት ብለዋል፤ ለእኛም ያንን እንውሰድ። በ12ኛ ክፍል በሳምንት አራት ሰዓት ቢሰጠው ሠላሳ ሳምንት ይፈጃል። ዓመቱን በሙሉ ማለት ነው፤ ያውም የማትሪክ ዓመት። ለአሜሪካ የሚያመለክት ከሆነ ደግሞ ኤስኤቲ የሚባለው የመግቢያ ፈተና አለ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሃርቫርድ በ2024 ኤስኤቲን መልሰው ግዴታ እንደሚያደርጉ አስታውቀዋል። የትራንስክሪፕቱ ግሬድና ይሄ ፈተና ካልተስተካከሉ ፕሮጀክቱን የሚያነበው የለም። ልጁ ሁለቱን ይዞ ሁለቱንም ቢጥል ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ክረምት ላይ ግን ሒሳቡ ይቀየራል። ከ11ኛ ወደ 12ኛ በሚያልፉበት ሐምሌና ነሐሴ፣ ስምንት ሳምንት ገደማ፣ በሳምንት አሥራ አምስት ሰዓት ቢሠራ ያው 120 ይሞላል። ያም ሆኖ ቱቶሪያሉ እንዳይቋረጥ ጠዋት ወይ ከሰዓት ይቀራል።

ሌላም ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ለአሜሪካ የሚያመለክተው ልጅ ማመልከቻውን የሚያስገባው ማትሪክ ከመፈተኑ ከወራት በፊት ነው። የቀደመው ቀነ ገደብ ኖቬምበር 1 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 22 አካባቢ። ለብዙዎቹ መደበኛው ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይውላል። ለኦክስፎርድና ለኬምብሪጅ ደግሞ ኦክቶበር 15 ነው፤ ጥቅምት መጀመሪያ። በ12ኛ ክፍል ተጀምሮ ግንቦት ላይ የሚቀርብ ፕሮጀክት ማመልከቻው ላይ «በመሥራት ላይ ነኝ» ከመባል አያልፍም። ትምህርት ቤቱ ፕሮጀክቱን ለ12ኛ ክፍል ያደረገው ከሆነ፣ ለውጭ ማመልከቻ ብሎ ከሆነ ያሰበው፣ ጊዜውን አልመዘነውም ማለት ነው።

እንግዲህ ለባልደረባዬ ያልኳት ይሄን ነው። ልጅሽ ሀገር ውስጥ ለመግባት ከሆነ የሚያስበው፣ ውጤቱም ገና ካልጠነከረ፣ ፕሮጀክቱን ይተወው፤ ምንም አይቀርበትም። ውጤቱ የማያሳስብ ከሆነና ነገሩ ራሱ ከማረከው ይሥራው፣ ግን ለመግቢያ ብሎ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የመመረቂያ ጥናት ሲመጣ ጓደኞቹ ምሰሶ ላይ ስልክ ቁጥር ሲፈልጉ እሱ መጠይቅ ማዘጋጀት ያውቃል። ውጭ ከሆነ የሚያስበው፣ ግሬዱም ለዚያ የሚሆን ከሆነ፣ ዘንድሮ 11ኛ ስለሆነ ክረምቱን ይያዘው። ርዕሱን ትንሽ ያድርገው፤ በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት ይሁን።

«እሱ ግን ራሱ ይፈልገዋል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አባቱ ነው የፈለገው» አለችኝና ሳቀች።

አባቱ ማመልከቻው ላይ አይጻፍም። ልጁ የሚወደው ሌላ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሰፈር ውስጥ ሞባይል የሚጠግን ከሆነ ወይም የእህቶቹን ልጆች ሒሳብ የሚያስጠና ከሆነ፣ እነዚያ አሥር ቦታዎች ለእሱም ክፍት ናቸው። በ150 ፊደል የሚጻፈው ነገር ሪሰርች ይሁን ብሎ ያዘዘ የለም። የእህቶቹን ልጆች ቤት ድረስ ሄዶ በየሳምንቱ ለሁለት ዓመት ያስጠና ልጅ፣ ማንም ሳይመድበው የሠራው ስለሆነ፣ እኔ ብሆን አስበልጬ አየው ነበር። ፕሮጀክቱን የሚመርጡ ልጆች ደግሞ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህሩን ቀድመው ይያዙት፤ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር ጥቅምት ሲደርስ ወረፋው ይረዝማል።